«ቀስ በል» የቸኮለበት ቀን

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሄልሜታችሁን ብብታችሁ ሥር ይዛችሁ የቆማችሁ ጓደኞቼ፤ አንቺም ባለቤቱ፣ እህቴ፤ መጽናናቱን ይስጠን። ንግግር አላውቅም። እኔም እንደ እሱ በሞተር ምግብ የማደርስ ሰው ነኝ።

ይህን ሰው «ቀስ በል» ያልነው እኛ ነን። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ቢጫ መብራት እንኳ ሲጥስ አላየሁትም። «ምግቡ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል፤ አንተ ከቀዘቀዝክ ማን ያሞቅሃል?» ይለን ነበር። እንስቅበት ነበር። ታስታውሳላችሁ አይደል?

ታዲያ ማን አስቸኮለው? የሚቆጣን አለቃ አልነበረንም። ኩባንያው ትዕዛዝ የሚልክልን ስልኩ ብቻ ነው። ስልኩ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ደረጃ ያወጣል፤ የዘገየውን ሥራ ይነፍገዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቀስ በል» ምግብ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ። የእኛ ስልክ ይጮኻል፤ የእሱ ዝም። ኩባንያው ጋ ደወለ። «ሲስተሙ ነው» አሉት። ሲስተሙን የት ሄዶ ይለምነው?

ከዚያ መክነፍ ጀመረ። አንድ ቀን በዝናብ ተንሸራቶ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ስልኩ «ለምን ዘገዩ?» ሲል ጠየቀው። ምርጫዎቹን አብረን አነበብን፦ መንገድ ተጨናንቆ፤ አድራሻ ጠፍቶ፤ ደንበኛ ሳይገኝ። «ወድቄ» የሚል የለም። «መንገድ ተጨናንቆ» የሚለውን ነካና በአንድ እጁ ነዳ። እህቴ፣ «ከደረጃ ወደቅኩ» ያለሽ ያን ቀን ነው። ግማሹ እውነት ነበር።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ለማድረሻ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቀይ መብራት ጣሰ። የጭነት መኪና ገጨው፤ ሹፌሩ ምን ያድርግ? ደርሼ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። «ስንት ደቂቃ ቀረኝ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ይህን ግን ልናገር። አምቡላንሱ ይዞት እንደሄደ ስልኬ ጮኸ። የእሱ ትዕዛዝ ነው። ያው ምግብ ቤት፣ ያው አድራሻ፤ ወደ እኔ ተላልፎ። እምቢ ብል ደረጃዬ ይወርዳል። ሄድኩ። ደሙ እጅጌዬ ላይ ሳይደርቅ አደረስኩ። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ «ምነው ዘገያችሁ?» አለችኝ። «ይቅርታ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? አቤቱታ ጻፍን። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ የጻፈው ሰው የለም።

ወንድሜ፣ አልዋሽህም። ነገም እንወጣለን። እኔም ቀይ መብራት እጥሳለሁ። ሞትህ አንዲት ደቂቃ አልጨመረልንም። ልጆችህን እየመጣን እናያለን ብዬ ልምልልህ አስቤ ነበር፤ ግን ውሏችን በስልኩ እጅ እንጂ በእጃችን አይደለም።

አፈሩ ይቅለልህ። ደህና ሁን።