አምባዛው እና የዓሣ ቤቱ ቁልፍ

በእኛ ጊዜ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ የገባ ሰው ወዲያው ሱቅ አይከፍትም ነበር፤ እናንተማ ዛሬ ገብታችሁ ነገ ባለ ስፓዛ፣ ባለ ሰፈር ሱቅ ናችሁ። እኔና ኤርሲዶ፣ ያው የአገሬ ልጅ፣ አሁን ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የነጮች ገዳም አትክልተኛ ሆነን ተቀጠርን። ታዲያ እዚያ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። «በአገሬ የጥንት መነኮሳት በጾም ሥጋ ስለማይበሉ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ያረቡ ነበር፤ አጠገቡም ዓሣ የሚያጸዱበት፣ በጨው የሚያቆዩበት የድንጋይ ቤት ነበራቸው» ይሉናል። እና እንደዚያው አሠሩን። እኔ ቆፈርኩ፣ እኔ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ የዓሣ ቤቱን ቁልፍ ለማን ሰጡት? ለኤርሲዶ። ቁልፍ የያዘ ደግሞ አለቃ ነው።

ቀናሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ቅናት አንጀቴን በላው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ሎምበሞ፣ እስቲ መረቡን አቀብለኝ» ይለኛል። እኔን፣ ታላቁን፣ ሰማችሁ?

ታዲያ አንድ እሁድ ሁሉም ጸሎት ላይ ሳሉ ከወንዝ ያጠመድኳቸውን ሁለት አምባዛ በባልዲ አምጥቼ ኩሬው ውስጥ ለቀቅኩ። አምባዛ ታውቃላችሁ፣ ዓሣ የሚበላ ዓሣ ነው። በኩሬው የምናረባውን ቆሮሶ ዓሣ ይጨርስበትና ቁልፉን ይነጠቃል ብዬ። እና ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ከወራት በኋላ ኩሬውን ስናጎድል፣ ያ ከጣት የማይበልጥ ቆሮሶ እንዲህ፣ ክንዴን አያችሁ፣ እንዲህ አክሎ ወጣ። ለካ ጫጩቱ በዝቶ ምግብ ሲሻማ ነው ያላደገው፤ አምባዛው ትንንሹን ሲለቅመው የቀረው ሰባ።

መነኩሴው አምባዛዎቹን ሲያዩ ኤርሲዶን አቀፉት። «ልጄ፣ ይህን የአባቶቻችንን ዘዴ ማን አስተማረህ? እነሱም ሥጋ በል ዓሣ ይጨምሩ ነበር» አሉት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ»። እኔ አጠገቡ ቆሜ። እኔ ነኝ እንዳልል፣ ለምን ቢሉኝስ? ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሱም ማን እንደጨመረው አያውቅም።

«ጋሽ ኤርሲዶ ያውቃሉ እኮ፣ ጋሼ» አለ ከአድማጮቹ አንዱ፣ ኤርሲዶ ሱቅ ተቀጥሮ የሠራው ታደለ። «ያን እሁድ ከጸሎት ወጣ ብለው፣ እርስዎ ባዶ ባልዲ ይዘው ከኩሬው ሲመለሱ አይተውዎታል። አምባዛው ሲወጣ ነው የገባቸው፤ ራሳቸው ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ሥራው የእርስዎ ነው ከተባለ ቁልፉ ለእርስዎ ይሰጥብኛል ብለው ነዋ።»

ጋሽ ሎምበሞ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት የቀናሁት እኔ ብቻ መስሎኝ።»