ሙጫው ሳይደርቅ

አሳንሰር የሚበላሸው ጉልበቱ ያለቀበት ሰው ሲመጣ ነው። አሮጊቷ መጽሐፍ ጠራዥ ከሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ ግድግዳ እየዳበሰች በደረጃ ወርዳ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አጠረና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አንዲት ሴት ቀድማ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ሳትበላው ጭኗ ላይ አኑራለች።

ጠራዧ ፊደል ሳትቆጥር አርባ ዓመት የፊደል ቆጣሪዎችን መጽሐፍ ስትጠርዝ የኖረች ኩሩ ሴት ናት። ቀኝ ዓይኗ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጨልሟል። በግራው እየኖረች ሳለ፣ ከትናንት ወዲያ እሱም ከታች በኩል ጥቁር መጋረጃ ይወጣበት ጀመር። አሁን እላይኛው ፎቅ ያለው ወጣት ሐኪም «ነገ ካልተሠሩ ይሄኛውም ይጠፋል» ቢላት «ይጥፋ!» ብላው መውጣቷ ነው።

«ደክሞሽ ነው፣ ልጄ?» አለች።

«በጣም፣ እማማ። እርስዎስ?»

«እኔንስ ያደከመኝ ሐኪም ነው። አምና አንዲት የሬቲና ሐኪም ነኝ ባይ ዓይኔን ድራሹን አጠፋችው። መሥራቱ አልሆን ሲላት ሰባት ቀን በግንባርሽ ተደፊ አለችኝ። እኔ ለሹምም ለዳኛም ተደፍቼ አላውቅ!»

«መልኳን ያውቁታል?»

«ከየት አውቄ! አፏን ሸፍና፣ ክፍሉን አጨልማ፣ ዓይኔ ላይ መብራት ትተክላለች። ድምጿን ብቻ ነው የማውቀው። ልክ እንዳንቺ ድክም ያለ...» ብላ ቃሉን አፏ ውስጥ አስቀረችው።

«እኔው ነኝ፣ እማማ።»

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይል ነበር። ጠራዧ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንግዲያው ደግ ሆነ። ከኋላሽ አላማሁሽም» አለች።

ሐኪሟ ልትስቅ ሞከረችና ሳቁ ከመንገድ ቀረባት። «በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው» አለች። «ስጀምር መምህሬ ‹ይህ ሙያ ጥሩ እጅ ይፈልጋል› ብሎኝ ነበር። እጁንስ አገኘሁት። ሬቲና ማለት ከዓይን ጀርባ የተለጠፈ፣ ብርሃን የሚቀበል፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ነው። ሲላቀቅ በማጉያ እያየሁ መልሼ አጣብቀዋለሁ። አንገቴ በዚያው ተጣሞ ቀረ። ግን የሚያደክመኝ እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንዱ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ይመጣል። ‹ምነው ዘገዩ?› ስለው ‹አላመመኝማ› ይለኛል። ይህ በሽታ መቼ ያማል? ሌላው ደግሞ በደህና ተሠርቶ ሄዶ፣ በሳምንቱ ሽፋኑ ተላቅቆ ይመለሳል። ‹ለምን ቀና አሉ?› ስል ‹ሰው መጣብኝ›። እርስዎ ላይስ ማን መጣ፣ እማማ?»

ጠራዧ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ዓመት ሙሉ ሐኪሟን ስታማ የኖረችውም ራሷ እንዳትጠየቅ ነው።

«በሦስተኛው ቀን የሟች ባሌ ታላቅ እህት መጣች» አለች በመጨረሻ። «ቂም ቆጣቢ ናት። ታዲያ በማጅራቴ ልቀበላት? ተነሣሁ፣ ሳምኳት። እሷን ተከትሎ ጎረቤቱ ጎረፈ። ስነሣ ስቀመጥ ዋልኩ።»

ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ልክ ካላወቀ ግን የሰው ዓይን ይበላል።

«ሽፋን ከለጠፉ በኋላ መጽሐፉን ምን ያደርጉታል?» አለች ሐኪሟ።

«እስኪደርቅ ክብደት እጭንበታለኋ!»

«ሳይደርቅ ቢያነሡትስ?»

«ይነፋል፣ ይላቀቃል። አንዲት ሠራተኛዬ ደንበኛ ቸኮለ ብላ ብታነሣው፣ ያኑ ዕለት አባረርኳት።»

«እኔም የተቀደደውን በጨረር አጣብቄ፣ ዓይንዎ ውስጥ ጋዝ ሞላሁበት። ክብደቱ እሱ ነው። ግን እንደ ድንጋይ ወደ ታች አይጫንም፤ ሽቅብ ነው የሚገፋው። ሲደፉ የዓይንዎ ጀርባ ወደ ላይ ስለሚዞር ጋዙ እዚያ ላይ ይጫናል። ቀና ሲሉ...»

«ክብደቱ ተነሣ።»

«ተነሣ።»

«ሙጫው ሳይደርቅ!»

ሰው ጥፋቱን በገዛ ሙያው ሲነግሩት ማምለጫ የለውም።

«ያቺን ልጅ አባረርኳት። ራሴን ወዴት ላባርር?» አለች ጠራዧ። ወዲያው ግን ምላሷ ተመለሰላት፦ «ያኔ ለምን እንዲህ አላልሽኝም? ‹ተደፊ› ብቻ! ትእዛዝ! እኔ ወታደር ነኝ?»

ሐኪሟ አንገቷን አሸች። «እውነትዎን ነው። ውጭ አርባ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ደከመኝና አሳጠርኩት። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው።»

«እንግዲያው ተካክለናል። ይሄኛው ዓይኔስ ይድናል?»

«ቃል አልገባም። መጋረጃው መሃሉን ገና አልነካውም፤ ተስፋ አለው። ቀዶ ጥገናው የእኔ ነው፤ ሰባቱ ቀን የእርስዎ።»

«በይ ጫማሽን አጥልቂና እጄን ያዢኝ። ያን ሁሉ ደረጃ ልንወጣ ነው።»

ተሠራች፤ ተደፋች። በሦስተኛው ቀን የባሏ እህት መጥታ በሩ ላይ ተገተረች። «አትነሺልኝም?»

ጠራዧ ከትራሱ ቀና ሳትል፣ «እግርሽን ስትጎትቺ ገና ከደጅ አውቄሻለሁ። ግቢ፣ ቁጭ በይ» አለች። «ብነሣልሽ ዓይኔ ይሄዳል፤ የሄደ ዓይን አይመለስም። አንቺ ግን ተቀይመሽ ብትሄጂም ትመለሻለሽ።»

ሴትየዋ ጥቂት አኮረፈች። ኋላ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ወሬዋን ወደተደፋው ጆሮ እያንቆረቆረች ዋለች። በማግስቱ በሩን የያዘችው እሷ ናት። «ማንም እንዳያስነሣት! እዚያው ሆናችሁ ሰላም በሉ!» እያለች ጎረቤቱን ታስቀምጥ ጀመር።

ስለዚህ የሚሰማ ይስማ፦ ዓይን ውስጥ ድንገት ብልጭታ፣ ጥቀርሻ የመሰለ ብናኝ ወይም መጋረጃ ያየ ሰው፣ ባያመውም በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የተደፋ ታማሚ የሚጠይቅም አክብሮቱን ቁጭ ብሎ ይግለጽ።

ከሁለት ወር በኋላ ጋዙ ጠፍቶ ብርሃኑ ተመለሰ። ጠራዧ በምርመራው ክፍል የሐኪሟን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርታ አየች፤ ከዓይኖቿ ሥር ያለውን ጥቁረትም፣ ጠረጴዛው ላይ ሳይበላ የተቀመጠውን ዳቦም ሳይቀር።

«ቀጥሎ የሚገባው ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?» አለች ስትነሣ።

«ግንበኛ ነው፣ እማማ። ነገ ነው ዓይኑን የምሠራው።»

«እንግዲያው እየደከመሽም ቢሆን ስለ ሲሚንቶው ንገሪው። መጀመሪያ ግን ያን ዳቦሽን ብዪ።»