የጋሽ ወልዴ ምርቃት

በጃንሆይ ጊዜ፣ አዲስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሚሞከርበት ላቦራቶሪ አክታ መርማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን የጋሽ ወልዴን የምርመራ ውጤት ልነግራቸው መርካቶ፣ ቅመም መሸጫቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ አክታዎ ውስጥ በሽታው ተገኝቷል። ፈቃድዎ ከሆነ አዲሱን መድኃኒት ይጀምራሉ። እስኪድኑ ግን ሰው ፊት እንዳይስሉ፣ እንዳይተፉ» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ የልጅ ልጄን ጠዋት ማታ እንትፍ እንትፍ እያልኩ ስመርቃት የኖርኩት በዚህ ነው?» አሉኝ። «ነገ ይዘዋት ይምጡ፣ እናያታለን» አልኳቸው።

ይሄኔ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ደረሰች። እንደ ልማዷ ጉልበታቸውን ስማ ግንባሯን ሰጠቻቸው። አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ፊታቸውን ወደ በርበሬው ጆንያ አዞሩ። «ግቢ የኔ ልጅ፣ ዛሬ በሆዴ መርቄሻለሁ» አሏት። ልጅቷ ግን ግንባሯን እንደሰጠች ቆመች።