ሐጂ ሱሩር ያልሰሙት መርዶ

አንድ ቀን ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ከሰኞ ገበያው ጨርቅ ነጋዴ ከሐጂ ሱሩር ጎን መቀመጫ ደረሰኝ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ደህና ነው?» አልኋቸው።

«ኮምቦልቻ የምትማረውን ልጄን፣ ሩሚሳን፣ ከእንግሊዝኛ ትምህርቷ ላስወጣት ነው። አስተማሪዋ ደብተር አስዘግታ የስልክ ቪዲዮ ታሳያለች አሉ። ማየት ቢያስተምር የሉካንዳ ድመት ሥጋ ሻጭ በሆነች ነበር!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ግን ዞር አለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ኢንሻራህ እባላለሁ።»

ሐጂ ደነገጡ፤ ወደ ኋላ ግን አላሉም። «ወዐለይኩም ሰላም። እንግዲህ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ሩሚሳ ስታነብ ይገባታል፤ ሰው ሲናገር ግን ይጠፋባታል። በሚመጣው ወር ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ትፈተናለች። ፈተናው ደግሞ በቃል ነው።»

«ያነበበ ይሰማል። እኔ አርባ ዓመት የዐረብኛ ኪታብ ስቀራ፣ ሳነብ ኖሬያለሁ።»

«ሩሚሳ የመን ዘመዶች አሉን ትላለች፤ እንግዲያው ከእነሱ ጋር እንደ ልብዎ ያወራሉ?»

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ጨረሰ።

«አምና የአክስቴ ልጅ ከየመን ደወለ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቶሎ ቶሎ ተናገረ፤ አንድም አልያዝሁ። አፍሬ፣ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ‹ማሻአላህ› አልሁት። ለካ የእናቱን ሞት እያረዳኝ ኖሯል።»

የሳቀ የለም። እኔ አራተኛ ክፍል ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ዐይን የተማረውን ጆሮ እንደማይወርሰው አየሁ።

ኢንሻራህ ስልኳን አወጣች። አንድ የመናዊ ማር ሻጭ የሚናገርበት አጭር ቪዲዮ ነበር።

«መጀመሪያ ጥያቄውን ይያዙ፤ ማሩ ከየት መጣ? ሌላው ቢያመልጥዎ ይለፍ።»

አንዴ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍጥነቱን ቀንሳ ደገመችላቸው። በሦስተኛው «ከሐድረመውት!» ብለው ጮኹ። ረዳቱ ወራጅ መስሎት መኪናውን አስቆመ።

«አሁን የንግግሩን ጽሑፍ ከፍተን ያመለጠንን እናያለን» አለች። «ክፍል ውስጥም የምንሠራው ይኸው ነው።»

«የድመቷን ነገር እርሺልኝ፣ ልጄ።»

ሩሚሳ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ፈተናውንም አለፈች። ዛሬ እንግዳ ሲያናግራት «እንዴት?» ብላ አታስደግምም። ስልክ የባለ ቋንቋውን አንደበት ቤት ድረስ ያመጣል፤ መቶ ጊዜ ቢያስደግሙት አይሰለችም። ጥያቄ ሰጥቶ የሚያሰማ አስተማሪ ግን ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሐጂ ስለ ድመቷ ያሉት እውነት ነው።

ሐጂም ከሱብሒ ሶላት በኋላ በየቀኑ ጥቂት ዐረብኛ ሲያዳምጡ ከረሙ። በዒድ ማግስት ሱቃቸው ብገባ ስልክ ይዘዋል፤ ዝም እንድል በእጃቸው አመለከቱኝ። የአክስታቸውን ልጅ ከዓመት በኋላ በስልክ ለቅሶ መድረሳቸው ነበር። እሱ ስለ እናቱ ሲነግራቸው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ማሻአላህ» አላሉም። አለቀሱ።