የአንዳርጌ ቃጭል

ደሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ልብስ ሰፊዋ ትርንጎ የእናቷን የብር አምባር በመሀረብ እንደተጠቀለለ ደረቷ ውስጥ ሸሽጋለች፤ የእናቷ ታናሽ እህት ዘነቡ ፒንሳ ይዛ ፊቷ ቆማለች፤ እናትየዋ ጓዳ ውስጥ ጥጥ ትፈትላለች።

ዘነቡ፦ አምጪው አልኩሽ።

ትርንጎ፦ እኔም የለም አልኩሽ፣ እትዬ።

ዘነቡ፦ የለም እያልሽ ደረትሽ ይንቃጨላል። ቀጭኗ ድምፅ እዚህ ድረስ ትሰማኛለች። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይሄ ነው።

ትርንጎ፦ ግመሉ የእናቴ ነው፤ የሰረቀው የለም። አንቺ ግን በሰው ቤት ፒንሳ ይዘሽ ስትዞሪ ጥርስ ነቃይ መስለሻል።

ዘነቡ፦ ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ትሰማናለች።

ትርንጎ፦ እንዝርቷ ሲሾር አይሰማሽም? ስትፈትል ቤቱ ቢፈርስ አታውቅም።

ዘነቡ፦ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጆሮዋ የድመት ሆኗል። ይልቅ ስሚኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹ ይመጣሉ፤ የነፍስ አባቷም አሉበት። የወንድምሽን መርዶ ይነግሯታል። ከዚያ በፊት የአንዳርጌ ቃጭል ምላሱ መውጣት አለበት። የቤታችን ደንብ ነው፤ እኔ አላመጣሁትም።

ትርንጎ፦ ደንቡን ለኔ አታስተምሪኝ፤ አብሬው ነው ያደግሁት። ልጅ ክርስትና ሲነሳ በእናቱ አምባር ላይ ቃጭል ይንጠለጠልለታል። ልጁ ቢሞት ቃጭሉ አይወርድም፤ ምላሱ ይነቀልና ዱዳ ሆኖ እዚያው ይኖራል። በጡት ሳለ የሞተው የታላቃችን ቃጭል ይኸው ስንት ዓመቱ ዝም እንዳለ። ደንቡ የሚለው ግን ልጁ ከሞተ ነው፣ እትዬ። ከሞተ።

ዘነቡ፦ አብሮት የተሳፈረው ሰይድ ደውሎ ምን አለሽ?

ትርንጎ፦ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ዘነቡ፦ ከአፍሽ ልስማው።

ትርንጎ፦ ጀልባዋ ማዶ ሳትደርስ ተገለበጠች አለ። እሱ በጀሪካን ተንሳፎ ወጣ። በማግስቱ ባሕሩ ከተፋቸው ሰዎች መሃል የአንዳርጌን ሸሚዝ አየሁ አለኝ፤ ፊቱን ለማየት ግን አቅም አላገኘሁም አለ። ሸሚዝ ነው ያየው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ስንት ጀርባ ላይ እንደሚውል አውቃለሁ። ሰው በሸሚዙ አይቀበርም።

ዘነቡ፦ አርባው እየደረሰ ነው። ፍትሐት ሳይደረግለት አርባው ካለፈ እኔ በዚያኛው ዓለም ምን ዓይን ይዤ አየዋለሁ?

ትርንጎ፦ በዚህኛው ዓለም በዚያ በር ቢገባስ በምን ዓይን ታይዋለሽ? እንኳን ደህና መጣህ፣ ሳናስፈቅድህ ተዝካርህን በልተናል ልትይው ነው?

ዘነቡ፦ የቃጭሉን ትተን ያንቺን ምላስ ብንነቅል ይሄ ቤት ያርፍ ነበር።

ትርንጎ፦ ሞክሪው። ፒንሳሽ አጭር ነው፤ አይደርስም።

ዘነቡ፦ እኔ እኮ ድሮም ይሄን አምባር አልወደውም። ነፍሱን ይማረውና አባትሽ፣ ወርቅ ልግዛልሽ እያለ ይለምናታል፤ እሷ ብር ሠሪው ዘንድ እየተመላለሰች ጥቃቅን ኮተት ታስቀጥላለች። ወርቅ ለክፉ ቀን ይሆናል። ዓሣና ቁልፍ የተንጠለጠለበት አምባር ለምን ይሆናል? ስትሄድ እንደ ፍየል መንጋ እየተንቃጨለች።

ትርንጎ፦ እስቲ ያን ወርቅሽን አውጪና አንድ ነገር ጠይቂው። ከሚዛን ሌላ የሚያውቀው ነገር ካለ እኔ አፌን እዘጋለሁ። ዓሣዋን ጠይቂያት። አባዬ ሐይቅ ላይ ታንኳ ውስጥ ቆሞ ሲፎክር ተገልብጦ የወደቀ ዕለት ናት። እናቴ ሰው ፊት ሳቋ አላቆም ብሏት፣ ላገባው ነው እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ ብላ ነው ያገባችው። ቁልፏ ከኪራይ ቤት የወጣን ቀን ናት። መቀሷ የኔ ናት። ማንም ሳያስተምረኝ፣ አሮጌ ቀሚስ እየተረተርኩ መልሼ እየሰፋሁ፣ የመጀመሪያዬን ልብስ የሸጥኩ ቀን። ጎረቤቱ ሁሉ ትርንጎ ጨርቅ ታባክናለች ሲል እሷ ሄዳ መቀስ አሠራች።

ዘነቡ፦ እሱስ ልክ ነው። ጨርቅ ታባክኚ ነበር። ከኔ ነጠላ ላይ ቆርጠሻል።

ትርንጎ፦ ያ ነጠላ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ያው ነበር። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። እናቴ ዓመተ ምሕረት አታውቅም። መቼ ነበር ስትያት አምባሯን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ከዓሣው በኋላ፣ ከመቀሷ በፊት ትልሻለች። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህማ ዕድሜዋ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። የጎረቤት ሴቶች ቡና ልንጠራሽ ነው ብለው ይመጡና እስቲ ይቺ ምንድን ናት እያሉ ሲያስወሯት ይውላሉ። አሁን ከዚያ መሃል አንዱን ድምፅ ልትቆርጭባት ነው።

ዘነቡ፦ ሁሉንም ቆጠርሽልኝ። ጀልባዋስ?

ትርንጎ፦ የቷ ጀልባ?

ዘነቡ፦ አታላግጪ። አንዳርጌ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ሹፌር የላካት።

ትርንጎ፦ እሷ ብር አይደለችም። ነሐስ ናት። ከሌሎቹ ጋር አትሄድም።

ዘነቡ፦ እንደዚያ አልሽው?

ትርንጎ፦ የባሰ ነው ያልኩት። ሰው ለእናቱ ደህና ዕቃ ይልካል፣ አንተ ቆርቆሮ ትልካለህ፣ ዋልጌ አልኩት። ሳቀ። የምትሻል ጀልባ ሳገኝ እለውጥላታለሁ አለ።

ዘነቡ፦ አይ አንዱዬ።

ትርንጎ፦ አታልቅሺ። እዚህ ቤት ማንም አያለቅስም።

ዘነቡ፦ አላለቅስም። መቼ አልቅሼ አውቃለሁ? ነይ ወደዚህ፤ ይሄን አንገትጌዬን ገለጥ አድርጊውና እዪ።

ትርንጎ፦ ከል ለብሰሻል።

ዘነቡ፦ ከላይ አበባ፣ ከታች ከል። እናትየዋ ሳትረዳ አክስት አታለቅስም። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት እልጣለሁ። ባሌ ይሄ ቤት ወጥ ብቻ ሆነ ይለኛል፤ እኔ እንዴት ልንገረው? እናንተ መርዶውን ከእናትየዋ ስትሸሽጉ እኔ ራሴን የምሸሽግበት አጣሁ። ደግሞ አንድ ነገር ላስታውቅሽ፤ ለዚያ አምባር እኔ ባዕድ አይደለሁም። አንዳርጌ ሲወለድ ቃጭሉን ያሠራሁለት እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ አንቺ? አባዬ መስሎኝ።

ዘነቡ፦ ለኔም ስዳር አምባር ተሰጥቶኝ ነበር። ወልጄ ላንጠለጥልበት ጠበቅኩ፤ እግዜር አልፈቀደም። እሱ ሲወለድ ብር ሠሪው ዘንድ ይዤው ሄድኩና ከዚህ ላይ ቆርጠህ ቃጭል ሥራልኝ፣ ድምፁ ወፍራም ይሁን፣ ወንድ ነው አልኩት። የቀረው ጉማጅ ሳጥኔ ውስጥ አለ። አሁን ይሄን ፒንሳ የያዝኩት ወድጄ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ ይሄን ሁሉ ዓመት አልነገርሽኝም።

ዘነቡ፦ መች ጠይቀሽኝ? አንቺ ሁልጊዜ መልስ ይዘሽ ነው የምትመጪው።

ትርንጎ፦ እሺ፣ እትዬ። አንድ ነገር መልሺልኝና ልስጥሽ። እናቴ በየጠዋቱ ከአልጋዋ ሳትወርድ አምባሯን ታንቃጭለዋለች። በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። ሁለት ድምፅ፤ ወፍራሙ የሱ፣ ቀጭኑ የኔ። ከዚያ ሁለቱም አሉ ትላለች፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ነው ዳዊቷን የምትጀምረው። ነገ ጠዋት ስታንቃጭለው አንድ ብቻ ቢመልስላት ምን ትሆናለች?

ዘነቡ፦ ታለቅሳለቻ። እናት አይደለችም? ማልቀስ የሷ ነው። እኛ ነን የነጠቅናት።

ትርንጎ፦ ለአንድ ሸሚዝ ብላ ነው የምታለቅሰው?

ዘነቡ፦ ይሄን ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር።

ትርንጎ፦ ምኑን?

ዘነቡ፦ ለሰይድ እኔም ደውዬለት ነበር። ሸሚዙ ቀኝ ክርኑ ላይ ተጥፏል ወይ አልኩት። ተጥፏል አለኝ። በምን ክር አልኩት። በአረንጓዴ አለኝ። ሸሚዙ ሰማያዊ ነው፣ ትርንጎ። የሚሄድ ክር አጥቼ በአረንጓዴ የጣፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ልብስ ሰፊዋ እንኳ አይተሽ ስቀሽብኛል።

ትርንጎ፦ ክርንህ ላይ ጎመን በቀለ ብዬው ነበር።

ዘነቡ፦ እንደዚያ ነው ያልሽው።

ትርንጎ፦ እንቺ። ውሰጂው። እኔ ግን ፊቴን አዞራለሁ፤ ሲነቀል አላይም።

ዘነቡ፦ ቋጠሮው ምነው እንዲህ ጠበቀ? እንዲህ አድርገሽ የቋጠርሽው እንዳላገኘው ነው?

ትርንጎ፦ እኔ አልቋጠርኩትም። ጠዋት እንደምትመጪ ስትልኪብኝ፣ ቀድሜ ልሸሽገው ብዬ አምባርሽን በሎሚ ልወልውልሽ አልኳት። ራሷ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አልፈታሁትም። ከዚያ ስልክ ወዲህ መወልወሉን ትቼዋለሁ፤ ጀልባዋን መንካት አቃተኝ።

ዘነቡ፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ቶሎ ጨርሺው፣ በእመቤቴ።

ዘነቡ፦ ወፍራሙ የሱ ነው አይደል ያልሽኝ?

ትርንጎ፦ ራስሽ ያሠራሽውን ታጪዋለሽ?

ዘነቡ፦ አይጮኽም።

ትርንጎ፦ ነቀልሽው?

ዘነቡ፦ ገና አልነካሁትም። ዙሪና እዪ። ሆዱ በጥጥ ተጠቅጥቋል። ምላሱ እንዳለ ነው፤ ዙሪያውን በጥጥ አፍናዋለች።

ትርንጎ፦ አይሆንም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሰምቼዋለሁ። ወፍራሙንም ቀጭኑንም።

ዘነቡ፦ ያንቺን ነው የሰማሽው፣ ልጄ። ቅድም ከደረትሽ የመጣውም ቀጭኑ ብቻ ነበር። ወፍራሙን ከሐሳብሽ የጨመርሽበት አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ ነግረሻታል። እዚህ ቤት ከኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ሆድሽ አልችል ብሎ ነግረሻታል።

ዘነቡ፦ ትንፍሽ አላልኩም፣ አንዳርጌ ይ...

ትርንጎ፦ ጨርሺዋ። ማዪ እንጂ። ዕድሜሽን ሙሉ ስትምዪ አንዳርጌ ይሙት ነበር የምትዪው።

ዘነቡ፦ አልወጣ አለኝ። ከስልኩ ወዲህ ቅዱስ ሚካኤልን እያልኩ ነው የምምለው። የሞተን ሰው እንዴት ይሙት እላለሁ?

ትርንጎ፦ ባለፈው ሳምንት እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ዘነቡ መሐላዋን ለወጠች አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ስታረጅ መንፈሳዊ ሆነች ብዬ ሳቅኩብሽ።

ዘነቡ፦ ቆይ። ለኔ ደግሞ ስላንቺ አውርታኛለች። ትርንጎ ወንድሟን መሳደብ ተወች አለችኝ። ጨዋ ሆነችልሽ፣ ደስ ይበልሽ አልኳት።

ትርንጎ፦ ስልክ በጮኸ ቁጥር ያ ዋልጌ ነው እል ነበር። ትቼዋለሁ። ሙት ወቃሽ እንዳልሆን ፈርቼ። እስከ ዛሬ አልሞተም እያልኩ ስሟገትሽ፣ አፌ ቀድሞኝ ቀብሮታል።

ዘነቡ፦ እኔ ከመሐላዬ አወጣሁት፣ አንቺ ከስድብሽ። እሷ ቁጭ ብላ አዳመጠችን።

ትርንጎ፦ ታዲያ በየጠዋቱ ሁለቱም አሉ የምትለው ለምንድን ነው? አንድ ብቻ እየሰማች?

ዘነቡ፦ ግድግዳው ስስ ነው። ማን እንደሚሰማት ታውቃለች።

ትርንጎ፦ ለኔ ነው። እኔ የወፍራሙን ዝምታ እንዳልሰማ።

ዘነቡ፦ ስሚ። እንዝርቷ ቆሟል።

ትርንጎ፦ እየጠራችኝ ነው?

ዘነቡ፦ ወልውለሽ ጨረስሽ ወይ ነው የምትልሽ። ምን ይሻላል? ሽማግሎቹን ልመልሳቸው?

ትርንጎ፦ ይምጡ። ግን ስናለቅስ ይድረሱብን። ፒንሳውን ስጪኝ፣ እትዬ፤ አንቺም ያን አበባ ቀሚስ አውልቂና ተከተዪኝ። መጀመሪያ ጥጡን አወጣለታለሁ፤ ወፍራሙን ሦስታችን አንድ ጊዜ እንስማውና ምላሱን እኔው እነቅለዋለሁ።