ከገደሉ ማዶ የቀረው ሬሳ

(በሜክሲኮ ተራሮች፣ በሳን ሂላርዮ መንደር፣ ረፋድ ላይ፤ ፊደንሲዮ እናቱ ሞታበት በመንደሩ ሹም በኤውፍራሲያ ደጃፍ ቆሟል፤ የሹመቷ በትር ጉልበቷ ላይ ነው።)

ፊደንሲዮ፦ እትዬ፣ ስንቴ ልለምን? ደወሉ ይደወልልኝ፣ ቆፋሪዎቹ ይውጡልኝ። እናቴ ከንጋት ጀምሮ ተገንዛ ተጋድማለች።

ኤውፍራሲያ፦ «እትዬ» አልከኝ? ይህ በትር በእጅህ ሳለ «አንቺ ሴትዮ» ነበርኩ።

ፊደንሲዮ፦ የድሮውን ምን አነሳው? አሥራ አንድ ዓመት አለፈው እኮ።

ኤውፍራሲያ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እስቲ ደንቡን አንተው ንገረኝ፤ ሹም ነበርክ፣ አይጠፋህም።

ፊደንሲዮ፦ ለመንደሩ የጋራ ሥራ ሦስቴ የቀረ ቤት፣ በመንደሩ መቃብር ቦታ የለውም።

ኤውፍራሲያ፦ አንተስ? መንገዱ ሲጠረግ የለህ፣ ምንጩ ሲጸዳ የለህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲጠገን የለህ።

ፊደንሲዮ፦ ከተማ ነበርኩ! ግንበኛ ሆኜ እንጀራዬን ስፈልግ!

ኤውፍራሲያ፦ ባሌ አርካዲዮ ደግሞ አልጋ ላይ ነበር፤ ደም እያሳለው። ሲሞት እግርህ ላይ ወድቄ «ታሞ ነው የቀረው» ስልህ ምን አልከኝ?

ፊደንሲዮ፦ ተዪኝ እትዬ... ይተዉኝ።

ኤውፍራሲያ፦ ምን አልከኝ? ጮክ በል፤ ጎረቤት ይስማ።

ፊደንሲዮ፦ «ደንብ ደንብ ነው» አልኩ።

ኤውፍራሲያ፦ አልክ! እኔም ሬሳውን በበቅሎ ጭኜ ከገደሉ ማዶ እንደ ሌባ ቀበርኩት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብዬ ጠበቅኩህ። ይኸው መጣህ። አልደብቅህም፣ ደስ ብሎኛል።

ፊደንሲዮ፦ እኔን ይስፈሩኝ! እሷ ምን አደረገችዎት?

ኤውፍራሲያ፦ እሷማ? በየዓመቱ በሙታን ቀን ገደሉን ወርዳ ወጥታ፣ ለአርካዲዮ ቢጫ አበባ የምታኖርለት እሷ ብቻ ነበረች። ከአንተ ተደብቃ።

ፊደንሲዮ፦ እናቴ? አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።

ኤውፍራሲያ፦ አፍራብህ ይሆናላ።

ፊደንሲዮ፦ እንግዲያው ለእሷ ሲሉ። ጉልበትዎን ልሳም።

ኤውፍራሲያ፦ ጉልበቴን ተወው፤ እኔ የምፈልገው ጀርባህን ነው። ማልጄ የመንደሩን ጉባኤ ሰብስቤ አስፈቅጃለሁ። ደወሉ ይደወላል፤ ቆፋሪዎቹም ሁለት ጉድጓድ ጀምረዋል።

ፊደንሲዮ፦ አስፈቅደው ኖሯል? ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስለመኑኝ?

ኤውፍራሲያ፦ እንዴት እንደሚመር ቅመሰው ብዬ።

ፊደንሲዮ፦ ሁለተኛው ጉድጓድስ የማን ነው?

ኤውፍራሲያ፦ የአርካዲዮ። አካፋህን ይዘህ ገደሉን ተሻገር፤ አጥንቱን አውጥተህ አምጣልኝ።

ፊደንሲዮ፦ እሺ... በቅሎ ያውሱኛ።

ኤውፍራሲያ፦ በበቅሎ የሄደው ያኔ ነው። ዛሬ የሚመለሰው በከለከለው ሹም ጀርባ ነው።

ፊደንሲዮ፦ ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል! እናቴ እስከዚያ ሳትቀበር?

ኤውፍራሲያ፦ አርካዲዮ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፤ እናትህ እስከ ማታ ብትጠብቀው አይከፋትም።