ሞት የማያውቀው ስም

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባሌም ቢሆን። ቆቦ ሳስተምር፣ ሁለት ሴት ልጆች ሞተውብኝ ሦስተኛዋን ወለድኩ። አማቴ፣ «ክርስትና እስክትነሳ ስም እንዳታወጪላት፤ ሞት ሰምቶ ይጠራታል» አሉኝ። እኔ ግን ስም የሌላት ልጅ ማጥባት ጨነቀኝ። በግቢያችን ተከራይታ የምትኖር፣ «እንግሊዟ» ሲሏት የምትቆጣ፣ ከዌልስ የመጣች መምህርት ነበረች። በአገሯ ሴት ልጅ ምን እንደምትባል ጠየቅኳት።

«ካሪስ አለ፣ ፍቅር ማለት ነው። ሴረን አለ፣ ኮከብ ነው። ለማን ነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ አፍሬ። ሞት የእኛን አገር ስም ሁሉ ቢያውቅም የዌልስን አያውቅም ብዬ፣ ሳጠባት በጆሮዋ «ሴረን» እላት ጀመር።

በዚያ በቆቦ ሙቀት ተቅማጥ ያዛትና ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ከቀብር ስንመለስ አማቴ፣ «ስም አላወጣሽላትም አይደል?» አሉኝ።

«አላወጣሁም፣ እማማ።»

«እሰይ ልጄ። ስም የሌላት ቶሎ ከልብ ትወጣለች።»

በማግስቱ ጠዋት የመምህርቷን በር አንኳኳሁ። «ሴረን ያልሽኝን ስም፣ እናት ልጇን ከደጅ እንደምትጠራ ጮክ ብለሽ አንዴ ጥሪልኝ» አልኳት። ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ግቢው ወጥታ ተጣራች።

እኔም በልጄ ፈንታ «አቤት» አልኩ።